ከዋናው መንገድ ፌርሊ ኒር

ሶዶ ውስጥ የቀጠርከው ሰው ዘግይቶብህ፣ ደውለህ «የት ደረስክ?» ስትለው «ኦልሞስት!» ካለህ ወንበር ፈልገህ ተቀመጥ። ሰውየው ገና ካልሲውን እየፈለገ ነው። «መጣሁ» ካለህ ይሻላል፤ ቢያንስ አንዱን ጫማ አጥልቋል። ደጅ ላይ ቆሞ ግራ ቀኝ የሚያየው ይህን የማያውቅ እንግዳ ብቻ ነው።

ኦልሞስት ማለት «ሊደርስ ጥቂት ቀረው» ማለት ነው ይላሉ መዝገበ ቃላት የገለጡ ሰዎች። ይላሉ። መዝገበ ቃላቱ ግን ሶዶ መጥቶ ሰው ቀጥሮ አያውቅም።

እኔ ይህን ነገር ሳስብ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንጀራዬም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በአንድ መስሪያ ቤት የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነኝ። የሪፖርት ባለሙያ ሥራው ምን መሰለህ? የሆነውን መጻፍ እንዳይመስልህ። የሆነውንማ ዘበኛውም ያውቀዋል። የእኛ ሥራ ያልሆነው ነገር ምን ያህል እንዳልሆነ በጨዋ ቋንቋ ማስቀመጥ ነው። እስቲ «ሥራው አላለቀም» ብለህ ጻፍ። በማግሥቱ ስብሰባ ተጠርተህ ማን ነው ያላስጨረሰው ትባላለህ። «ሥራው ኦልሞስት ተጠናቋል» ብለህ ጻፍ፤ ይጨበጨብልሃል። አንድ የውሃ ቦኖ አውቃለሁ። ልጄ ሣራ አንደኛ ክፍል ስትገባ ኦልሞስት ተጠናቆ ነበር። ሣራ ተምራ፣ ተመርቃ፣ ነርስ ሆና ሥራ ያዘች። ቦኖው አሁንም ኦልሞስት ነው። እኔ ጡረታ ስወጣ እሱም አብሮኝ የሚወጣ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ይገርመኛል። ሰው ከባዕድ ቋንቋ የሚበደረው ሲቸግረው ነው። ቻርጀር እንላለን፤ ምን እንበለው ታዲያ? ፍሬን፣ ሞተር፣ ባጃጅ፤ ዕቃው ከነስሙ ነው የመጣው። ቅርብና ሩቅ ግን እኛ ዘንድ ጠፍቶ ነው? ትንሽና ብዙ፣ በጣምና በመጠኑ፣ ወላይትኛውም አማርኛውም ሞልቶታል። ታዲያ ኒር፣ ፋር፣ ቬሪ፣ ፌርሊ እያልን የምንበደረው ምን ሆነን ነው? ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ቸግሮን ነው እንጂ ወዳጄ። በራስህ ቋንቋ ቅርብ ነው ያልከው ነገር ሩቅ ሆኖ ከተገኘ ዋሾ ትባላለህ። በእንግሊዝኛ ኒር ያልከው ነገር ሩቅ ሆኖ ቢገኝ ግን ጥፋቱ የእንግሊዞች ነው።

የመዘምራን መሪያችንን ብታይ ይገባሃል። እሑድ ከዝማሬ በኋላ «ቬሪ ናይስ ነበር» ካለን አንገታችንን እንደፋለን፤ ከድምፅ ወጥተናል ማለት ነው። ዝማሬው የእውነት የሰመረ ቀን ምንም አይልም። መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል፣ በቃ።

ጎረቤቴ አቶ ባሳ ደግሞ አለልህ። ጨጓራው አመመውና ሆስፒታል ሄደ። ከጎንደር ተመድቦ የመጣ ልጅ እግር ሐኪም መረመረውና፣ አይዞዎት አባቴ፣ ማይልድ ነው፣ ቀላል ነገር ነው አለው። ሌላው ቢሆን እልል ይላል። አቶ ባሳ ፊቱን አጥቁሮ ተመለሰ። ለምን መሰለህ? በእኛ ሰፈር በሽታ የሚጠየቀው በደረጃው ነው። ማይልድ ከሆነ ሰው በመንገድ ሲያልፍ በአጥር ላይ «ተሻለህ ወይ?» ብሎ ያልፋል። ሞደሬት ከሆነ ብርቱካን ይዞ ይገባል። ሲቪር ነው ከተባለ መዘምራኑ ከነጊታራቸው፣ እናቶች ከነጸሎታቸው ቤቱን ይሞሉታል። አቶ ባሳ ለሌላው ስንት ብርቱካን ያመላለሰ ሰው፣ የእሱ ተራ ሲደርስ በአጥር ላይ ሊጠየቅ ነው? አልቻለም። ተመልሶ ሄዶ፣ እባክህ ልጄ ቢያንስ ሞደሬት አድርግልኝ ብሎ ለመነው። ሐኪሙ ሳቀና፣ ሞደሬት ካደረግሁትማ ዳታ በርበሬና ጥሬ ሥጋ ይከለከላሉ አለው። አቶ ባሳ አሰበ። አሰበና፣ ግዴለም፣ ማይልዱ ይቆይልኝ ብሎ ወጣ። አሁን ደህና ነው፤ ዳታውን እየበላ በአጥር ላይ ይጠየቃል።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። ይህን ሁሉ ያነሳሁት ግን ስለ ሣራ ልነግርህ ነው።

ሣራ የመጨረሻ ልጃችን ናት። ወንዶቹ አንዱ ሀዋሳ፣ አንዱ አዲስ አበባ ናቸው፤ በዓል ሲሆን በስልክ ይመጣሉ። ቤት የቀረችልን እሷ ነበረች። ሥራዋ ሁምቦ፣ ተበላ ከተማ ነው፤ ጠዋት በሚኒባስ ትወርዳለች፣ ማታ ትመለሳለች። እንዲህ ስትመላለስ ኤልያስ ከሚባል ልጅ ጋር ተዋወቀች። ኤልያስ የደን ባለሙያ ነው። ድሮ ራቁቱን ቆሞ የነበረው የሁምቦ ተራራ ዛሬ ዛፍ ለብሷል፤ ልጁ ያንን ዛፍ ሲንከባከብ ይውላል። ጨዋ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ያሳደገው ነው፣ እንከን አይወጣለትም። ቤቱን የሠራው ግን ተበላ ከተማ አይደለም። ከተበላ ወዲያ፣ ከተራራው ሥር፣ በአባቱ መሬት ላይ ነው።

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዘች። የልጁን ዘር አልጠየቀችም፣ ሀብቱንም አልጠየቀችም። «ምን ያህል ይርቃል?» አለች። ሌላውን ሁሉ ለእግዚአብሔር ትታ ርቀቱን ለራሷ አስቀረች። ጠዋት ሄጄ ማታ ቤቴ የማልገባበት ቦታ ልጄን አልሰጥም አለች። ብትታመምብኝስ? ብትወልድስ? በስልክ ነው የማርሳት? ሁለቱን ወንዶች ርቀት ወስዶብኛል፣ ይህቺን አልሰጠውም አለች። እኔም ልክ ነሽ አልኳት፤ እውነቱን ለመናገር የእኔም ልብ እዚያው ነበር።

ሣራን ጠራናት። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ቤቱ ይርቃል ወይ አልናት። ወለሉን እያየች «ኖርማል ነው አባዬ» አለች። የዛሬ ልጆች ኖርማል የማይሉት ነገር አለ? ፈተናው ኖርማል፣ ወባው ኖርማል፣ መንገዱ ኖርማል። ልጄን እወዳታለሁ፣ ግን ከዚህ መልስ የተረዳሁት ቤቱን በጣም እንደወደደችው ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ የኤልያስ ሽማግሌዎች መጡ። ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችና አጎቱ አቶ ጳውሎስ። አቶ ጳውሎስ ተበላ ያስተምራል፤ ኮትና ክራቫት፣ ጥቁር ጃንጥላ፣ ለዝናብም ለፀሐይም። የመጡበትን ተናገሩ፣ ጸለይን፣ የልጁን ምግባር አወሱ። ባለቤቴ በጓዳ በር በኩል ዐይኗን ስታፈጥብኝ ገባኝ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ ለመሆኑ ቤቱ ምን ያህል ይርቃል ብዬ ጠየቅሁ።

ከዚያ አቶ ጳውሎስ ጃንጥላውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወረና «ከዋናው መንገድ ፌርሊ ኒር ነው» አለኝ።

ፌርሊ! አንተ ወዳጄ፣ እኔ በፌርሊ ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝ። አፈጻጸሙ ፌርሊ ጥሩ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ ፌርሊ ጥሩ ማለት ጥሩ ያልሆነ ግን አለቃ የማያስቆጣ ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ግን ሰው በገዛ ዕቃው ሲመቱት አያውቀውም። እንግዳ ፊት ነው፣ የሴት ልጅ አባት ሆኛለሁ፣ በዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ተከብሬያለሁ። እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። ሁለተኛው ሽማግሌ ይህን አይቶ በረታና «ኖት ቱ ፋር!» ብሎ ጨመረበት፤ ያን ያህል አይርቅም ማለቱ ነው። ሦስተኛው አዛውንት ናቸው፣ ከወላይትኛ በቀር አይናገሩም። እሳቸውን በወላይትኛ ጠየቅኋቸው። ጣራውን አዩ፣ ወለሉን አዩ። እግዚአብሔር ያውቃል አሉ።

ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ምን አሉ አለችኝ። ነገርኋት። በእኛ ቤት የሚነገረው ወላይትኛ ነው፤ ፌርሊና ኒርን ግን እንዳሉ ነው ያስተላለፍሁላት፣ ሌላ ምን ላድርጋቸው? ረጋ ብላ ሰማችኝና፣ ሄደህ እይልኝ አለች። በእኛ ዘንድ ልጅ ከመስጠት በፊት የምትገባበትን ቤት ማየት ያለ ነው፤ አይተው ካልተመለሱ የሙሽሮቹ ስም ለጋብቻ በቤተ ክርስቲያን አይነበብም። እኔ ግን፣ ሽማግሌ የተናገረውን መጠራጠር ደግ አይደለም ልላት ስል አቋረጠችኝ።

«አንተ እንግሊዝኛ ስለምታውቅ ያታልሉሃል። እግርህ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ እሱ ይይልኝ።»

እንዲህ ተብዬ የተላክሁት በቀጣዩ ሳምንት ነው። የሞኝ ነገር፣ የእሑድ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ጠባብ ጥቁር ጫማ አድርጌ ወጣሁ። ፌርሊ ኒር ለሆነ ቦታ ሌላ ጫማ ለምን ያስፈልጋል?

ሶዶ የዳሞታን ተራራ ተደግፋ ስለተቀመጠች ብርዱ ደህና ነው። ወደ ሁምቦ ስትወርድ ግን ሚኒባሱ በታጠፈ ቁጥር አንድ ልብስ ማውለቅ ያምርሃል። ተበላ ስንደርስ ኮቴን በክንዴ ይዣለሁ። ኤልያስና አቶ ጳውሎስ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። አቶ ጳውሎስ ጃንጥላውን ዘርግቶ አስጠለለኝና፣ እንኳን ደህና መጡ፣ እንግዲህ ፌርሊ ኒር ነው አለኝ። ጋሪ ላይ ወጣን።

ጋሪው ሄደ፣ ሄደ። የበቆሎ ማሳ አለፍን፣ ሌላ የበቆሎ ማሳ መጣ። ፈረሱ ራሱ አንዳንዴ ቆም ብሎ ወደ ኋላ ያየናል። ከዚያ ውሃ የሌለው የወንዝ አሸዋ ጋ ደረስንና ባለጋሪው፣ ከዚህ ወዲያ ጎማው ይሰምጥብኛል ብሎ አወረደን። በእግር ጀመርን። ያን ጊዜ አቶ ጳውሎስን ቀና ብዬ አየሁት።

«ሪላቲቭሊ ኒር ነው» አለኝ።

አየህ? ከተበላ ሲነሳ ፌርሊ ነበረ፤ አሸዋው ላይ ሪላቲቭሊ ሆነ። ሪላቲቭሊ ማለት ከሌላ ነገር ጋር ሲተያይ ማለት ነው። ከምን ጋር እንደሚተያይ ግን አልነገረኝም። ከሞያሌ ጋር ከሆነ፣ አዎ፣ ቅርብ ነው።

አሸዋውን ተሻግረን አቀበት ጀመርን። ፀሐይዋ ከላይ፣ ጫማዬ ከታች። መንገድ ላይ ያገኘነውን ፍየል ጠባቂ ሽማግሌ ሰላም ስንል፣ ሰውየው ጫማዬን አይቶ እግዚአብሔር ያበርታህ አለኝ። ኤልያስ አንዴ ከፊቴ አንዴ ከኋላዬ ይሆናል፣ ኮቴን ተቀብሎኛል፣ ደግፎ ሊይዘኝ ፈልጎ ያፍራል። ቀረ ወይ አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ኦልሞስት።»

ወንበር ብፈልግ ድንጋይ እንኳ በጥላ የለም።

ወደ አቶ ጳውሎስ ዞሬ፣ እንዴት ነው ታዲያ አልኩት። ክራቫቱን አላልቶ፣ መሐረቡን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ «እንግዲህ… ሞር ኦር ለስ» አለኝ። ቢበዛም ቢያንስም ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛው አለቀበት። ጃንጥላውን ለእኔ ሰጠኝና ዝም ብሎ ከኋላዬ ይመጣ ጀመር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የሁምቦ ፀሐይ ካለ ማደርም አያስፈልገውም።

እኔም መናደድ ጀመርሁ። በልቤ ለባለቤቴ የምነግራትን እያዘጋጀሁ ነበር። ልክ ነሽ፣ አታለሉን፣ አይሆንም እላታለሁ። ሣራን ደግሞ… ለሣራ የምላትን ሳስብ ግን ቆም አልኩ። ልጅቱ ከኤልያስ ጋር ስታወራ ሰምቻታለሁ። እኛ ቤት የሌለ ሳቅ ነው የምትስቀው። አይሆንም ብዬ ስመለስ ያንን ሳቅ የማጠፋው እኔ ነኝ። አዎ ብዬ ስመለስ ደግሞ እናቷን የምዋሻት እኔ ነኝ። ይህን መንገድ ጠዋት ሄዶ ማታ ሶዶ የሚገባ ሴት ወይዘሮ የለም። እንዲህ ስብሰለሰል ነው ከፊታችን አንዲት ሴት ስትመጣ ያየሁት።

የኤልያስ እናት ነበረች። ትንሽ ጀሪካን ውሃ ይዛ፣ ነጠላዋን ለፀሐዩ ብላ ራሷ ላይ አድርጋ፣ በዚያ አቀበት ቁልቁል ትመጣለች። ደርሳ እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝና፣ ደከማችሁ አለች በወላይትኛ። ሩቅ ነው አለች። በጣም ሩቅ ነው፤ እኔ ገበያ ስወርድም ስመለስም የምረግመው መንገድ ነው፣ ለዚህ ነው ውሃ ይዤ የወጣሁት አለች።

ወዳጄ፣ ውሃው ይሁን ቃሉ አላውቅም፣ ደረቴ ድረስ ቀዘቀዘልኝ። ሽማግሌዎቹ ቤቴ ከገቡ ጀምሮ የሰማሁት የመጀመሪያው እውነት ነበር። አቶ ጳውሎስን ዘወር ብዬ አየሁት። አንገቱን ወደ ተራራው አዙሮ ዛፍ ያያል።

ቤቱ ደረስን። ደህና ቤት ነው። አዲስ ቆርቆሮ፣ ነጭ የተቀባ ግድግዳ፣ ደጁ ላይ ገና ጉልበቴ ላይ ያልደረሱ የማንጎ ችግኞች። ከደጁ ሆነህ አባያ ሐይቅን ወደ ታች ታየዋለህ። ጤና ኬላው ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው፤ ሣራ ወደዚያ ልትዛወር ጠይቃለች። ኤልያስ ክፍሎቹን አሳየኝ። ሳሎን፣ መኝታ፣ ማድ ቤት። በስተመጨረሻ አንዲት ክፍል ከፈተ፤ አልጋ ተነጥፎባታል፣ አጎበር ተሰቅሎባታል፣ መስኮቷ ወደ መጣንበት መንገድ ያያል። ይህ የማን ነው አልኩት። ጆሮው ቀላ። የሣራ እናት ሲመጡ የሚያድሩበት ነው አለኝ። ማን አሰበው አልኩት። እናቴ ናት፣ ማንም ሰው ይህን መንገድ በአንድ ቀን ፀሐይ ደርሶ አይመለስም ብላ አሠራችን አለኝ።

ይብሉ ተብሎ የቀረበልኝን በላሁ፣ ጸልየን ተነሣሁ። ሲመልሱኝ ማንም እንግሊዝኛ አልተናገረም፤ በዚህ ደስ ብሎኛል።

ቤቴ ስደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተኝቷል። ባለቤቴ ደጁ ላይ አምፖል አብርታ ተቀምጣለች። ሣራ ከኋላዋ የበሩን መቃን ይዛ ቆማለች፤ ዐይኖቿ ከእኔ ፊት አይነቀሉም። ጫማዬን አወለቅሁ። ውሃ አልተሰጠኝም፣ እንዴት ዋልክ አልተባልኩም።

«እሺ፣ ምን ያህል ይርቃል?» አለች ባለቤቴ።

መንገዱን ሙሉ አስቤበታለሁ፣ እውነቱን እናገራለሁ ብዬ ቆርጫለሁ። ሣራን ቀና ብዬ አየኋት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? «ኖት ቱ ፋር» ብሎ ወጣልኝ። አዎ፣ እኔ ራሴ፣ ያ ሁሉ ፀሐይ የበላኝ፣ አቶ ጳውሎስን በልቤ ስረግም የዋልኩት ሰውዬ!

ባለቤቴ አልተቆጣችም። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ያቆሰለኝን ጫማ አየች፣ በአሸዋ የነጣውን ሱሪዬን አየች።

«የሣራ አባት፣ እንግሊዝኛውን አውጥተህ ንገረኝ።»

እንግሊዝኛው ሲወጣ ምን ይቀራል? አንዲት ቃል ናት። «ሩቅ ነው» አልኳት።

«በጣም?»

«በጣም።»

ሣራ ግንባሯን መቃኑ ላይ አስደገፈች። ዕቃ ሰብሬ ቁርጥራጩን በእጄ የያዝኩ መሰለኝ። ለባለቤቴ ያየሁትን ሁሉ ዘረገፍሁላት። ስለ ጋሪው፣ ስለ አሸዋው፣ ስለ አቶ ጳውሎስ ክራቫት፣ አቀበቱን ውሃ ይዛ ስለወረደችው ሴት። እዚህ ላይ እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

ሩቅ ነው ያለችህ የልጁ እናት ራሷ ናት ወይ አለችኝ። ራሷ ናት አልኳት። ወንድ ልጇን ልትድር የተነሳች ሴት፣ ሳትጠይቃት? ሳልጠይቃት አልኳት። ለእሷ ስለተዘጋጀችው ክፍልም ነገርኋት፤ አልጋ አለበት ወይ አለች፤ አለበት፣ አጎበርም አለው፣ መስኮቱ መንገዱን ያያል አልኳት።

ከዚያ ተነስታ ውሃ አመጣችልኝና እንዲህ አለች። ሩቁን ሩቅ የሚል ሰው ዘንድ ልጅ አትጠፋም። ቅርብ ቢሆንማ ደጃቸው ላይ ውሃ ጠጥቼ ነበር የምመለሰው፤ ደርሶ መልስ ምን መጠየቅ ነው? ሩቅ ከሆነ እንግዲህ ማደር ነው አለች። ሣራ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። እኔ ውሃዬን ጠጣሁ፤ ማንም አላየኝም እንጂ ዐይኔን ጠርጌያለሁ።

ሠርጉ ሆነ። ስማቸው ተነበበ፣ ተቃዋሚ አልተገኘም፣ መዘምራኑ ዘመሩ። የመዘምራን መሪያችን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። አቶ ጳውሎስ በዚያው ጃንጥላ አጅቦ ወሰዳት።

እዚህ ላይ ባቆምልህ ጥሩ ምክር ይወጣዋል። ልጆች ሆይ፣ በገዛ ቋንቋችሁ እውነቱን ተናገሩ፣ ሩቁን ሩቅ በሉ፣ በረከት ታገኛላችሁ እልህና እነሣ ነበር። እኔም ይህንኑ ምክር ለመስሪያ ቤት ሰዎች ስሰብክ ከርሜ ነበር። አንዴማ ሪፖርት ላይ «ቦኖው አላለቀም» ብዬ ጻፍሁ። አለቃዬ አስጠርቶ፣ ምነው አመመህ ወይ አለኝ።

ዘንድሮ ሣራ ወለደች፣ ሴት ልጅ። ባለቤቴ ልጇን ልታርስ ሁምቦ ወረደች። ጥቂት ቀን ቆይቼ እመጣለሁ ብላኝ ነው የሄደችው። ጥቂት ስትል በወላይትኛ ነው ያለችው፣ ስለዚህ አመንኋት። ጥቂቱ ከረመ። ሣራ ተነስታ ሥራ ጀመረች፤ እናቷ የለችም። ሕፃኗ መሳቅ ጀመረች ተባልኩ፤ እናቷ የለችም። ሁለቱ አያቶች በዚያች መስኮት ተቀምጠው መንገዱን እያዩ፣ ስንት ሰው ደክሞት እንደሚመጣ እያወሩ ይስቃሉ አሉ። እኔ ሶዶ ላይ ብቻዬን ሽሮ አሳርራለሁ። አቶ ባሳ በአጥር ላይ «እንዴት ነህ?» ብሎኝ ያልፋል፤ ብቸኝነቴ ማይልድ ነው ማለት ነው።

ባለፈው እሑድ ትመጣለች ተባልኩ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱን ጠረግሁ፣ ሸሚዝ ቀየርሁ፣ ሚኒባሶቹ ወደሚቆሙበት ሄጄ ጠበቅሁ። ከተበላ የመጣው ሁሉ ሰው አራገፈ፤ እሷ የለችበትም። ደወልኩላት። ስልኩ ሲነሳ መጀመሪያ የፍየል ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ የሕፃን፣ ቀጥሎ የሁለት ሴቶች ሳቅ።

«የት ደረስሽ?» አልኳት።

ያቺ እንግሊዝኛ በአፏ ዞሮ የማያውቅ ባለቤቴ፣ እኔን ደጅ ላይ አቁማ እውነቱን ያስተፋችኝ ሴት፣ ጥቂት አሰበች።

«ኦልሞስት!» አለችኝ።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ።